ዋልካ አፈር ላይ ሰው ሰራሽ ሳር አነጣጠፍ፦ ክረምት ውሃ የማያቁር ግቢ

«ግቢዬ ዋልካ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ይተኛበታል። ሰው ሰራሽ ሳር ባነጥፍበት ይድናል?» ይህ ጥያቄ ሰኔ ሲገባ ይጀምርና እስከ መስከረም ድረስ አያቋርጥም። ስለዚህ መልሱን አንድ ቦታ ላይ ሰብስቤ ልጻፈው።

አጭሩ መልስ፦ ሳሩ ብቻውን አያድነውም። ሰው ሰራሽ ሳር ውሃን ወደ ታች ያሳልፋል እንጂ ከግቢ አያስወጣም። ውሃውን የሚያስወጡት ከሥሩ ያሉት ተዳፋቱ፣ ጠጠሩና ቱቦው ናቸው። ለሳሩ ብቻ ገንዘብ አውጥታችሁ ሥሩን ከተዋችሁት፣ ክረምት ላይ ስትረግጡት ጭቃ እየተፋ ጭብጭብ የሚል ምንጣፍ ነው የሚተርፋችሁ።

ለምሳሌ የምጠቀመው 5 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ፣ መኪና የማይገባበት ግቢ ነው። ቦታው አዲስ አበባ፣ አፈሩ ቦሌ፣ ሲኤምሲ፣ ለቡ እና አቃቂ አካባቢ በብዛት የሚገኘው ጥቁር ዋልካ ነው፤ የግንባታ ሰዎች «ብላክ ኮተን» የሚሉት። ይህ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አንዴ ካበጠ በኋላ ስንጥቁ ስለሚዘጋ ውሃ ወደ ታች አያሰርግም ማለት ይቻላል።

የውሃውን መጠን አስቡት። አዲስ አበባ ላይ ሐምሌና ነሐሴ እያንዳንዳቸው ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛሉ። 50 ካሬ ግቢ ላይ ይህ በወር ከ10,000 ሊትር በላይ ነው። አንድ ጥሩ ዶፍ 10 ሚሊ ሜትር ቢጥል እንኳን 500 ሊትር ውሃ በአንዴ ግቢያችሁ ላይ ያርፋል። መሬቱ የማይጠጣው ከሆነ በጎን የሚወጣበት መንገድ ልናበጅለት ነው።

ሳር ከመግዛታችሁ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

የጉድጓድ ፍተሻ። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሙሉበትና እደሩ። በነጋታው እንደገና ሙሉትና ከአንድ ሰዓት በኋላ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደወረደ ለኩ። ሁለቴ መሙላቱን አትዝለሉት። በበጋ ዋልካው ስለተሰነጠቀ የመጀመሪያውን ውሃ በደቂቃዎች ውጦ «ግቢዬስ ደህና ነው» ያሰኛችኋል። እውነቱ የሚታየው አፈሩ ካበጠ በኋላ ነው። በሰዓት ከ1 ሳንቲ ሜትር በታች ከወረደ ውሃውን በቱቦ ከማስወጣት ሌላ አማራጭ የላችሁም። «ጉድጓድ ቆፍረን ድንጋይ እንሙላበት፣ ይሰርጋል» የሚሏችሁን አትስሙ። ዋልካ ውስጥ ያ ጉድጓድ ኩሬ ይሆናል።

የመውጫ ፍተሻ። ውሃው የት ነው የሚወጣው? ብዙ ጊዜ መልሱ ከግቢ ውጭ ያለው የጎርፍ ውሃ መውረጃ ቦይ ነው። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ግልጽ ቱቦ ውሃ ሞልታችሁ አንዱን ጫፍ ግቢ ውስጥ፣ ሌላውን ቦዩ ጋ ያዙና ከፍታውን አወዳድሩ። የቦዩ ወለል ግቢያችሁ ውስጥ ካለው ዝቅተኛ ቦታ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ሥራው ቀላል ነው። ያን ያህል ካልወረደ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። በየሰፈሩ መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ ብሎ ግቢዎች ሥር ቀርተዋል። እንዲህ ከሆነ ያላችሁ ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከመቆፈር ይልቅ ግቢውን በጠጠር ከፍ ማድረግ፤ ይህ የሚሆነው የቤቱ ወለል ከፍ ያለ ከሆነ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ዝቅተኛው ማዕዘን ላይ ትንሽ ጉድጓድ ገንብቶ ውሃ ውስጥ የሚቀመጥ ፓምፕ መግጠም ነው። ሳትለኩ አንድ ካሬ ሳር እንኳን አትግዙ።

የጣሪያ ውሃ። አሸንዳችሁ ግቢው ላይ የሚያፈስ ከሆነ የጣሪያው ስፋት ያህል ተጨማሪ ዝናብ እየጨመራችሁበት ነው። 100 ካሬ ጣሪያ ካላችሁ ግቢው ላይ የሚያርፈው ውሃ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የአሸንዳው ውሃ ቀዳዳ በሌለው ቱቦ ለብቻው ይውጣ። ከሳሩ ሥር ካለው ባለ ቀዳዳ ቱቦ ጋር አታገናኙት፤ በኃይል ሲወርድ በቀዳዳዎቹ ወጥቶ ጠጠሩን ያጥለቀልቀዋል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች (ለ50 ካሬ)

- 02 ጠጠር (ትልቁ)፦ 5.5 ሜትር ኪዩብ
- 01 ጠጠር (መካከለኛው)፦ 3 ሜትር ኪዩብ
- 00 ጠጠር (ዱቄት ያለው ደቃቁ)፦ 1 ሜትር ኪዩብ
- ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያግድ) ጨርቅ፣ ያልተሸመነው ወፈር ያለው ዓይነት፦ 80 ካሬ
- 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ፦ ግቢው ውስጥ ለምንቆፍረው ቦይ 10 ሜትር፣ በተጨማሪ እስከ መውጫው የሚደርስ፤ ጎሚቶ (የቱቦ ማጠፊያ)፣ ቲ እና ክዳን
- ከርብስቶን (የጠርዝ ድንጋይ)፣ ሲሚንቶና አሸዋ ለጠርዙ
- ሰው ሰራሽ ሳር፣ ቁመቱ 3 ሳንቲ ሜትር አካባቢ፦ 50 ካሬ እና ትንሽ መጠባበቂያ
- የሳር ማገጣጠሚያ ጨርቅ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት፦ 20 ሜትር
- ለውጭ የሚሆን፣ ውሃ የማይፈታው የሳር ኮላ
- ዝገት የማይዘው 15 ሳንቲ ሜትር ሚስማር፦ ከ200 እስከ 250
- የታጠበና የደረቀ አሸዋ፦ 250 ኪሎ
- አካፋ፣ ዶማ፣ የእጅ ጋሪ፣ ችካል፣ ሲባጎ፣ ውሃ ልክ፣ 3 ሜትር ቀጥ ያለ አርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን ክፍት) ብረት፣ ካተር ከብዙ ምላጭ ጋር፣ ጠንካራ መጥረጊያ፣ ድሪል
- ፕሌት ኮምፓክተር (መደቅደቂያ ማሽን)፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን መከራየት ይበቃል

ቀይ አሽ (የእሳተ ገሞራ ቀይ ጠጠር) ርካሽ ስለሆነ «በሱ ብሠራውስ?» የሚል ይኖራል። ከታችኛው ንጣፍ የተወሰነውን መተካት ይችላል፤ ውሃ ያሳልፋል። ግን ሲደቀደቅ ይፈረካከሳል፣ ዱቄቱም ይበዛል። ስለዚህ ደቃቁን በወንፊት አስወጡለት፤ ላይኛው ንጣፍ ላይ ግን አይግባ።

ሳሩን ሱቅ ውስጥ ስትመርጡ ገልብጡና ጀርባውን እዩ። የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች በየ10 ሳንቲ ሜትሩ አካባቢ መኖር አለባቸው። አንድ ጠርሙስ ውሃ አፍስሱበት። ወዲያው ካላሳለፈ አትውሰዱት። ለቤት ውስጥና ለግድግዳ ማስዋቢያ የሚሸጠው ቀዳዳ የሌለው ሳር ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አሠራሩ

1. ጊዜውን ምረጡ። ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። ያኔ ዋልካው አልጨቀየም፣ ድንጋይ ሆኖም አልደረቀም። ምክንያቱ ድካም ብቻ አይደለም። አጥንቱ እስኪወጣ በደረቀ ዋልካ ላይ ብትሠሩ ክረምት ሲመጣ አብጦ ንጣፉን ያነሳዋል። በጨቀየ ዋልካ ላይ ብትሠሩ ደግሞ አይደቀደቅም፤ በጋ ሲመጣም ተኮማትሮ ንጣፉን ያሰምጠዋል። ሥራው መጋቢት ላይ ከወደቀባችሁ ቆፍራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ወለሉን ለጥቂት ቀናት በስሱ እያረጠባችሁ ስንጥቁ እስኪገጥም ጠብቁ።

2. ከመሬት በታች ያለውን እወቁ። የውሃ መስመር፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ። ቤቱን የሠራው ሰው ካለ ጠይቁ። ከቆጣሪው እስከ ቤቱ ባለው መስመር ላይ ዶማ ሳይሆን አካፋ ተጠቀሙ፣ ቀስ እያላችሁ። የጉድጓድ ክዳን ካለ ሳሩ ሥር አይቀበር፤ ማስመጠጥ ሲያስፈልግ ሳሩን መቅደድ ይመጣል። ክዳኑን እስከ ከርብስቶኑ ደረጃ ከፍ አድርጉት።

3. ልክ አውጡ። ችካል ትከሉ፣ ሲባጎ ወጥሩ። ተዳፋቱ ሁልጊዜ ከቤቱ ወደ ውጭ ነው፦ በየ1 ሜትሩ 1.5 ሳንቲ ሜትር። በእኛ ምሳሌ ከቤቱ ግድግዳ እስከ አጥሩ 5 ሜትር ስለሆነ የአጥሩ በኩል በ7.5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። በዓይን አይታይም፣ ወንበር አያዘምም፤ ውሃው ግን ያውቀዋል። የሳሩ ገጽ ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲያልቅ አስሉት።

4. ቆፍሩ፣ ወለሉንም አስተካክሉ። ጥልቀቱ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚህ ሥራ ሁሉ ከባዱም ወሳኙም ይህ ነው፤ ትኩረታችሁን እዚህ ላይ አድርጉ። ብዙ ሰው ጉድጓዱን እንደነገሩ ቆፍሮ ተዳፋቱን ኋላ በጠጠሩ ያወጣዋል። ላዩ ያምራል፣ ግን ጥቅም የለውም። ውሃው ጠጠሩን በአንድ ትንፋሽ አልፎ ዋልካው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የሚሄደው በዋልካው ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ ተዳፋቱ መውጣት ያለበት ዋልካው ራሱ ላይ ነው። ዋልካው ላይ አንድ ጎድጓዳ ከቀረ ከጠጠሩ ሥር የማይታይ ኩሬ ይሆናል። ያ ቦታ ክረምቱን ሙሉ አብጦ ይከርማል፣ ከወራት በኋላም ሳሩ እዚያ ጋ ይሰረጉዳል ወይም ይነሳል።

አርኤችኤስ ብረቱን በየአቅጣጫው እያስተኛችሁ ሥሩን እዩ። ከፍ ያለውን ላጩ። ጎድጓዳውን ግን በተቆፈረው ዋልካ መልሳችሁ አትሙሉ፤ በ01 እና በ00 ድብልቅ ሙሉት። ሥርና ሣር ካለ ነቅላችሁ አውጡ፤ ሲበሰብስ ክፍተት ይተዋል።

ከቁፋሮው የሚወጣው አፈር ወደ 9 ሜትር ኪዩብ ነው፤ ሲላቀቅ ግን ወደ 12 ይጠጋል። መኪናውንና መድፊያውን ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ። አፈሩ በር ላይ ከርሞ ዝናብ ቢመታው ተመልሶ የሚገባው እናንተው በምትቆፍሩት ቦይ ውስጥ ነው።

5. የቱቦውን ቦይ ቆፍሩ። ቦታው ዝቅተኛው ጎን፣ ማለትም በአጥሩ በኩል ነው። ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ጥልቀቱ ከተስተካከለው ወለል በታች በመነሻው 40፣ በመጨረሻው 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ይህ በ10 ሜትር ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር መውረድ ማለት ነው። ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 1.5 ሜትር ይራቅ። ከአጥሩም ከመሠረቱ ጥልቀት ጋር የሚመጣጠን ርቀት ስጡት። የድንጋይ አጥር ሥር ተጠግቶ መቆፈር አጥሩን ሊጥል፣ ሰው ሊጎዳም ይችላል።

6. ጨርቁን አንጥፉ። ጂኦቴክስታይሉ የጉድጓዱን ወለልና የቦዩን ውስጥ በሙሉ ያልብስ። ሁለት ቁራጭ ሲገናኝ 30 ሳንቲ ሜትር ይደራረብ፣ የከፍታው በኩል ያለው ከላይ ይሁን። የቦዩን ጨርቅ ሁለት ጫፍ አትቁረጡት፤ ኋላ ይጠቀለላል። ጨርቁ ከሌለ የረጠበው ዋልካ ወደ ጠጠሩ መሃል ይወጣል፣ ጠጠሩም ይሰምጣል። በሁለት ክረምት ውስጥ ያወጣችሁበት ጠጠር ጭቃ ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ፦ በጨርቁ ፋንታ ላስቲክ ወይም ሸራ አታንጥፉ። አረም ይከላከላል እየተባለ ይነገራል፤ ውሃውንም ይከለክላል።

7. ቱቦውን ቅበሩ። ፒቪሲውን በ8 ሚሊ ሜትር መብሻ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በሁለት ረድፍ ብሱት። ቦዩ ወለል ላይ 5 ሳንቲ ሜትር 02 ጠጠር አድርጉ፣ ቱቦውን አስተኙ። ቀዳዳዎቹ ወደ ታች፣ ግራና ቀኝ ዘንበል ብለው ይሁኑ። ብዙ ሰው ውሃ ከላይ ይገባል ብሎ ቀዳዳውን ወደ ላይ ያደርጋል። እንደዚያ ከሆነ ውሃው ወደ ቱቦው የሚገባው ቦዩ እስከ ቱቦው አናት ከሞላ በኋላ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው እዚያው ዋልካውን ሲያሳብጥ ይቆያል። በመነሻው በኩል በጎሚቶ ወደ ላይ አውጥታችሁ ክዳን ግጠሙለት። ቱቦው ሲዘጋ በዚያ በኩል ውሃ እየለቀቃችሁ ታጥቡታላችሁ። ከዚያ 02 ጠጠር ሙሉና የጨርቁን ሁለት ጫፍ ከላይ እጠፉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ቱቦ ከሽንት ቤት መስመር ወይም ከሴፕቲክ ታንክ ጋር አታገናኙ። የክረምት ውሃ ታንኩን ሞልቶ ፍሳሹን ወደ ቤት ይመልሰዋል። ወደ ጎረቤት ግቢም አታውጡት። መንገድ ወይም ኮብልስቶን ማንሳት ካስፈለገ ቀድማችሁ ወረዳችሁን ጠይቁ።

8. ጠርዙን ሥሩ። ከርብስቶኑን በሲሚንቶ አስተካክላችሁ ትከሉ። በዝቅተኛው ጎን ግን በየሜትሩ ክፍተት ተዉ፤ ቱቦው የማይችለው ድንገተኛ ዶፍ ሲመጣ ውሃው በዚያ በኩል ይተነፍሳል። ያለ ክፍተት የተገነባ ጠርዝ ግድብ ነው።

9. ጠጠሩን በንጣፍ በንጣፍ ደቅድቁ። ሁለት እጅ 02 እና አንድ እጅ 01 ቀላቅሉ። በመጀመሪያ 5 ሳንቲ ሜትር አንጥፉ፣ በስሱ ውሃ ርጩ፣ ኮምፓክተሩን ሁለት ሦስት ጊዜ አመላልሱ። ከዚያ ሌላ 5። 10 ሳንቲ ሜትሩን በአንዴ አፍስሶ መደቅደቅ ላዩን ብቻ ያጠብቃል፤ ሥሩ ልል ሆኖ ይቀራል። በላዩ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር የ01 እና የ00 ድብልቅ አልብሱና በአርኤችኤሱ እየጎተታችሁ አስተካክሉ፣ ደቅድቁ። 00ን ብቻውን በወፍራሙ አታልብሱት፤ ዱቄቱ ሲረጥብ ይጠጥርና ውሃ ይይዛል። ከብረቱ ሥር ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ካያችሁ ሙሉት። ሳሩ ጉድለትን አይሸፍንም።

10. ውሃ ልቀቁበት። ሳሩ ሳይነጠፍ በፊት በቤቱ በኩል ጎማ ከፍታችሁ ለግማሽ ሰዓት አፍስሱ። መውጫው ላይ አንድ ሰው ይቁም። ውሃው መውጫው ላይ መምጣት አለበት፣ ላዩም ላይ መቆም የለበትም። የሚቆምበት ቦታ ካለ አሁን ማስተካከል የአካፋ ሥራ ነው። ሳሩ ከተለጠፈ በኋላ ግን ማፍረስ ነው። ባለሙያ ስታሠሩም ዋልካው ተስተካክሎ ሲያልቅ፣ ቱቦው ሳይሸፈንና ይህ ፍተሻ ሲደረግ በቦታው ተገኙ።

11. ሳሩን ዘርጉ። ጥቅልሉን ፈትታችሁ ፀሐይ ላይ ጥቂት ሰዓት ተዉት፤ ሽብሽቡ ይለቃል። የሁሉም ቁራጭ ጸጉር ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛ፣ አለበለዚያ የተለያየ ቀለም ይመስላል። 2 ሜትር ስፋት ያለው ጥቅልል ከሆነ ግቢውን በርዝመቱ ብትዘረጉ 10 ሜትር የሚረዝም ሦስት ቁራጭ፣ ማለትም 60 ካሬ ትገዛላችሁ። በወርዱ ብትዘረጉት 5 ሜትር የሚረዝም አምስት ቁራጭ፣ 50 ካሬ ይበቃል። የመጋጠሚያው ርዝመት በሁለቱም 20 ሜትር ነው። ከእያንዳንዱ ቁራጭ የፋብሪካ ጠርዝ 1 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስለሚቆረጥ ከርብስቶኑን ስትተክሉ ርዝመቱን ወደ 9.85 ሜትር አድርጉት። ሁልጊዜ ከጀርባው በኩል ቁረጡ፤ ምላጩንም ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።

12. አገጣጥሙ፣ ምቱ፣ አሸዋ አልብሱ። በሁለቱ ቁራጭ መሃል ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይቅር። ማገጣጠሚያ ጨርቁን ከሥር አስገቡ፣ ኮላውን ቀቡ፣ ጸጉሩ እንዳይያዝ በእጅ እየገለጣችሁ አጣብቁ። ኮላ የሚሠራው በደረቅ ቀን ነው። ዳር ዳሩን በየ20 ሳንቲ ሜትር ሚስማር ምቱ፤ የሚስማሩ ራስ ጸጉሩ ውስጥ ይግባ እንጂ ሳሩን አያሰርጉድ። በመጨረሻ ደረቁን አሸዋ በስሱ እየበተናችሁ በመጥረጊያ ወደ ውስጥ አስገቡ፣ በካሬ 5 ኪሎ ገደማ። አሸዋው ሳሩን በክብደቱ ይይዘዋል፣ ጸጉሩንም ያቆመዋል። ያልታጠበ አሸዋ አፈር ስላለው የመውረጃ ቀዳዳውን ይደፍናል።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

ዋልካውን ከአሸዋ ጋር መቀላቀል አንዱ ነው። ትንሽ አሸዋ ዋልካን ውሃ እንዲያሳልፍ አያደርገውም፤ ጭራሽ ያጠነክረዋል። ሌላው ሳሩን የድሮው ሣር ላይ በቀጥታ ማንጠፍ ነው፤ ሥሩ ይበሰብሳል፣ ይሸታል፣ ይሰረጉዳል። ዛፍ ካለ ደግሞ ግንዱ ድረስ መሸፈን የለበትም፤ ዙሪያውን ቢያንስ ግማሽ ሜትር ተዉለት።

ለእሳት ተጠንቀቁ። ሰው ሰራሽ ሳር ፕላስቲክ ነው። የቡና ከሰልና የዕጣን ማጨሻ በቀጥታ አይቀመጥበትም። የመስከረም ችቦም እሱ ላይ አይለኮስም። ከትልቅ የመስታወት መስኮት የሚመለስ ፀሐይም አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍ ሊያቀልጠው ይችላል። ቀትር ላይ ስለሚግል ሕፃናት በባዶ እግር ከመግባታቸው በፊት በእጃችሁ ነክታችሁ እዩት። በበዓል በግ የምታርዱ ከሆነ ሌላ ቦታ ይሁን፤ ደሙ ወደ ጠጠሩ ከወረደ ሽታውን ማውጣት ይከብዳል።

በየዓመቱ ግንቦት ላይ የቱቦውን ክዳን ከፍታችሁ አንድ ሁለት ባልዲ ውሃ ድፉበትና መውጫው ላይ እዩ። ጥርት ብሎ ቶሎ ከወጣ ለክረምቱ ተዘጋጅቷል። ቀስ ብሎ ወይም ደፍርሶ ከወጣ በጎማ ግፊት እጠቡት፤ መውጫው ላይ የተከማቸውን ቆሻሻና ቅጠልም አንሱ።